ጥናቱ ይደረግ፤ ውጤቱም ወደ እኛ ይመለስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች በሕክምና ጥናት ስለሚሳተፉበት ሁኔታ

እኔ የድሬዳዋ ነዋሪ፣ በሙያዬ መምህርት፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ደጃፍ ተራ ስንጠብቅ በወላጆች መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ክርክር ነው። ተመራማሪዎች መጥተው «ልጃችሁን በጥናታችን ብታሳትፉ» ሲሉን እሺ እንበል ወይስ እንቢ የሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችንን ያወዛግበናል፤ በመጨረሻ የምንወስነውም የጥናቱን ምንነት ተረድተን ሳይሆን በአብዛኛው ወሬ ሰምተን ነው። አንዷ እናት «አቦ፣ ደግሞ ሊጽፉብን መጡ?» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ሌላዋ የልጇ ደም ውጭ አገር ሄዶ ይሸጣል ብላ ትፈራለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ጥናቱ ልጇን የሚያስኬድ መድኃኒት ይዞ የመጣ መስሏት ወረቀቱን ሳታነብ ትፈርማለች። የእኔ አቋም ልጆቻችን በጥናት ይሳተፉ የሚል ነው። ሆኖም ያጠናን ሰው ያገኘውን ይዞ ተመልሶ ሊነግረን ይገባል፤ ይህም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ግዴታ መታየት አለበት።

ጉዳዩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ሴሬብራል ፓልሲ በእድገት ላይ ያለ አንጎል በማኅፀን ሳለ፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት ወራት ሲጎዳ የሚከተል የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየሰፋ አይሄድም፤ እየከፋ የሚሄደው በእሱ ሰበብ የሚመጣው የጡንቻ ማጠር፣ የመገጣጠሚያ መድረቅና የዳሌ ከቦታው መውጣት ነው። እርግማንም ልክፍትም አይደለም። ይህን መድገም ያሰለቻል፤ ዛሬም ልጁን ከጓዳ የማያወጣ ቤተሰብ በሠፈራችን ስላለ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጥናት ለእኛ ምን አደረገ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልሴ ከእናቶች ጫንቃ ላይ ወቀሳ አውርዷል የሚል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሊትል እ.ኤ.አ. በ1861 ለንደን ውስጥ ለማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ የልጆችን የእግር መገተር ከአስቸጋሪ ወሊድ፣ ያለ ጊዜ ከመወለድና ከመታፈን ጋር አያይዞ አስረዳ። ያን ጊዜ የነርቭ ሐኪም የነበረው ሲግመንድ ፍሮይድ በበኩሉ በ1897 ባሳተመው ሥራ፣ አስቸጋሪው ወሊድ አንዳንዴ የችግሩ መነሻ ሳይሆን ጽንሱ ቀድሞ ለመጎዳቱ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ተከራከረ። ነገሩ በአስተያየት ብቻ የሚፈታ አልነበረም፤ በአሜሪካ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እርግዝናዎችን ከመነሻቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ተካሂዶ በ1986 የወጣው ትንታኔ፣ አብዛኛው ሴሬብራል ፓልሲ በወሊድ ሰዓት በተፈጠረ መታፈን ብቻ ሊገለጽ እንደማይችል አሳየ። ይህ ለሐኪሞች የንድፈ ሐሳብ ክርክር ሊመስል ይችላል። «እንዴት አድርገሽ ብትወልጂው ነው?» እየተባለች ዓመት ለቆጠረች እናት፣ ወይም ያለ ማስረጃ ጣት ለተቀሰረባት አዋላጅ ነርስ ግን ትልቅ እፎይታ ነው። በሌላ በኩል መታፈን፣ ሳይታከም የከረመ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነትና ማጅራት ገትር እንደኛ ባሉ አገሮች ውስጥ ዛሬም ትልቅ ድርሻ ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜም መከላከል የሚቻሉ ምክንያቶች ናቸው፤ ስለዚህ የሌላ አገር ውጤት እንዳለ ተቀድቶ ለእኛ አይሆንም።

ሁለተኛው መልሴ ሁላችንም ሐኪም ፊት ስንቀርብ መጀመሪያ የምናነሳውን ጥያቄ ይመለከታል፤ ልጄ ትሄዳለች ወይ? በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 የልጆቹን እንቅስቃሴ በ5 ደረጃ የሚመድብ መለኪያ አወጡ። በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ልጅ ያለ ድጋፍ ይራመዳል፤ በአምስተኛው ደረጃ ያለ ልጅ ደግሞ ራሱን ቀና አድርጎ ለመያዝ እንኳ እገዛ ይፈልጋል። ከዚያም በኦንታሪዮ የሚኖሩ 657 ልጆችን በየጊዜው እየለኩ ተከታትለው፣ በ2002 ባወጡት ውጤት፣ ችግሩ ቀለል ያለባቸው ልጆች ሊደርሱበት ከሚችሉት የእንቅስቃሴ አቅም 90 በመቶ ያህሉን አምስት ዓመት ገደማ ላይ፣ በጣም የከበደባቸው ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚደርሱበት አሳዩ። የእኔ ልጅ በአራተኛው ደረጃ ላይ ናት። ይህን ባወቅሁበት ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለኝን ገንዘብ ለማስኬድ ብቻ ማፍሰሴን ትቼ፣ በደንብ የሚያስቀምጣት ወንበርና የምትግባባበት የሥዕል ሰሌዳ ወደማዘጋጀት ዞርኩ። ያን መልስ ያገኘሁት አንድም ቀን የማላያቸው 657 ቤተሰቦች ልጆቻቸው ደጋግመው እንዲለኩ ስለፈቀዱ ነው። በዚያው ልክ የኦንታሪዮ ልጅ በሕፃንነቱ ፊዚዮቴራፒ፣ የእግር ድጋፍና ተሽከርካሪ ወንበር የሚያገኝ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ከገጠር ቀበሌ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በአራት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል የሚደርሰው የእኛ ልጅ የዕድገት መስመር ምን ይመስላል የሚለውን የሚመልሱት የእኛ ልጆች ብቻ ናቸው።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ማስረጃ በወሊድ ጊዜ ታፍነው የተወለዱ ጨቅላዎችን ይመለከታል። በሀብታም አገሮች እንዲህ ያለውን ሕፃን ሰውነት ለ72 ሰዓት ያህል ወደ 33.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ማቀዝቀዝ አንጎሉን ከጉዳት እንደሚያድን በጥናት ስለተረጋገጠ መደበኛ ሕክምና ሆኗል። ማንም ሰው ቢሆን «ለእኛም ይምጣልን» ይላል። ሆኖም በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዲሽ ሆስፒታሎች የተወለዱ 408 ሕፃናት የተሳተፉበትና ሄሊክስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ማቀዝቀዙ ሞትና አካል ጉዳትን እንዳልቀነሰ፣ ይባስ ብሎም ከቀዘቀዙት ሕፃናት 42 በመቶው ሲሞቱ ካልቀዘቀዙት የሞቱት 31 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ሕክምናው ያው ነው፤ መሣሪያውም ጥሩ ነበር፤ ውጤቱ ግን ተገለበጠ። እነዚያ ወላጆች ልጃቸው ሞት አፋፍ ላይ ሳለ በዕጣ በሚደለደል ጥናት ውስጥ እንዲገባ ባይፈቅዱ ኖሮ፣ በቅን ልቦና የተገዛ የማቀዝቀዣ መሣሪያ በየድሃ አገሩ ሆስፒታል ገብቶ ስንት ሕፃን ይጎዳ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ «ልጆቻችንን መሞከሪያ ሊያደርጓቸው ነው» ለሚሉት ጎረቤቶቼ የምመልሰው፣ በእኛ ሁኔታ ሳይፈተሽ የሚሰጥ ሕክምናም ያው ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ ውጤቱን የሚመዘግብ ሰው አለመኖሩ ነው የሚል ነው።

ወደ አካባቢያችን ልቅረብ። በምሥራቅ ዑጋንዳ በአንድ የሕዝብ ክትትል ቀጣና ውስጥ ቤት ለቤት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ቆጠራ፣ ከ1,000 ልጆች 2.9 ያህሉ ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ሩብ ያህሉ ችግሩ የመጣባቸው ከጨቅላነት ጊዜ በኋላ፣ በተለይም በአንጎል ወባ ምክንያት እንደሆነ አሳይቷል። በዚያው ቆጠራ ቁጥሩ በትልልቆቹ ልጆች ዘንድ ከትንንሾቹ ያነሰ ነበር፤ ልጆቹ ድነው ሳይሆን ብዙዎቹ ሳያድጉ ስለሚሞቱ ነው ተብሎ ይገመታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከባዶ መነሳት አያስፈልጋትም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ ወሊድን፣ ሞትንና የነዋሪዎችን ዝውውር ቤት ለቤት የሚመዘግብ ማዕከል አለው፤ በቀርሳና በሐረር ከተማም ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናትን የሞት ምክንያት ለይቶ የሚያውቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ተቋቁሟል። የሞተ ልጁን አስከሬን ከመቀበሩ በፊት ናሙና እንዲወሰድበት የፈቀደ የሐረርጌ ቤተሰብ ካለ፣ በሕይወት ተርፎ አንገቱ ያልጸና ልጁ እንዲመዘገብለት የማይፈቅድበት ምክንያት አይታየኝም። የሞቱት ለምን እንደሞቱ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ተጎድተው የተረፉትም በዚያው መዝገብ ላይ በሚገባ ይቆጠሩ።

ጥናት ሲባል ሁሉም መርፌና መድኃኒት ነው ብለው የሚሰጉ አሉ። አብዛኛው ጥናት ጥያቄ መጠየቅ፣ መለካትና ማየት ነው። ለምሳሌ ጀርባው ላይ የተኛን የሦስት ወር ሕፃን እንቅስቃሴ ለጥቂት ደቂቃ በቪዲዮ ቀርጾ በሠለጠነ ዓይን መመልከት፣ ልጁ ወደፊት ሴሬብራል ፓልሲ ይኖረው እንደሆነ በከፍተኛ ትክክለኛነት ለመገመት ያስችላል፤ ይህ የሚፈልገው ስልክና የተማረ ዓይን ነው። የእኔ ልጅ በአንድ ጥናት ስትሳተፍ የሆነውን ልንገራችሁ። መርማሪዋ ፍራሽ ላይ አስተኝታት ቁርጭምጭሚቷን ይዛ በጣም በቀስታ ወደ ላይ አጠፈችው፤ እግሩ ያለ ማንገራገር ተከተላት። ያንኑ በፍጥነት ስትደግመው ግን እግሩ መንገድ ላይ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱ የቆሙበትን ማዕዘን በላስቲክ መለኪያ ለክታ ጻፈች። በቀስታና በፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ መገተሩ በአብዛኛው ከአንጎል ከሚመጣው ምልክት የተነሣ ስለሆነ በመድኃኒትና በመርፌ ሊላላ ይችላል፤ ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ግን ጡንቻው ራሱ አጥሯልና ጀሶ ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናል። ለዓመታት ያን እግር ጠዋት ማታ ሳሽ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደም አልተወሰደም፤ ልጄም መለኪያውን ከእጇ ለመንጠቅ ስትታገል ነበር።

አንዳንዱ ጥናት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ በዚያ ላይ ወላጅ ነገሩን አድበስብሶ ማለፍ የለበትም። ኤምአርአይ ምስል ለማንሳት ልጁ እንዳይንቀሳቀስ ማደንዘዣ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል፤ በተለይ የሚጥል ሕመም ያለበት፣ ምግብ የሚያንቀው ወይም ደረቱ የሚያስቸግረው ልጅ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት አተነፋፈሱን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። አዲስ ሕክምና የሚፈተሽበት ጥናት ከሆነ ደግሞ ልጆቹ በሁለት ቡድን የሚከፈሉት በዕጣ መሆኑን፣ ሐኪሙም ሆነ ወላጁ ቡድኑን መምረጥ እንደማይችል አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ይህን ያልተረዳች እናት በኋላ ልጇ አዲሱን ሕክምና ያላገኘው ድሃ ስለሆነች ይመስላታል። የተለመደውን ፊዚዮቴራፒና የሚጥል ሕመም መድኃኒቱን ለጥናቱ ሲባል የሚያቋርጥ ወላጅም ገጥሞኛል፤ በጥናቱ ሰነድ ላይ በግልጽ ካልተጻፈና የልጁ ሐኪም ካልተስማማ በስተቀር እንዲህ ያለ ነገር መደረግ የለበትም። ጥናት በዋነኛነት የሚደረገው ለነገ ልጆች ዕውቀት ለማግኘት ነው፤ የዛሬው ልጅ ከተጠቀመ እሰየው።

ስለ ፈቃድ የምለው ብዙ ነው። በዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ተሳታፊው አደጋውንና ጥቅሙን ተረድቶ በነፃ ፈቃዱ እንዲገባ፣ በፈለገበት ጊዜም ያለ ምንም ቅጣት እንዲወጣ ይደነግጋል። በእኛ አካባቢ ይህ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር የቋንቋ ነገር መታሰብ አለበት። በድሬዳዋ አንድ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ ጠዋት ይሰማሉ፤ ሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ ሐረሪኛ ይጨመራል። የአማርኛውን ቅጽ ይዞ ለአንዲት ከገጠር ለመጣች ሴት በጥድፊያ አንብቦ አውራ ጣቷን በቀለም መንከር ፈቃድ ማግኘት አይባልም። ቅጹ በሚገባት ቋንቋ ይነበብላት፤ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር አጠገቧ ይቀመጥ፤ ቤቷ ይዛው ሄዳ ከባለቤቷ፣ ከአማቷ ወይም ከምታምነው ሰው ጋር እንድትመክርበት ቀን ይሰጣት። በባህላችን የልጅ ጉዳይ የአንድ ሰው ውሳኔ ብቻ ስላልሆነ ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። ልጁን ወደ ጸበል የሚወስድም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ቤተሰብ ይህን በመናገሩ ሊሳቅበት አይገባም፤ ተመራማሪው ይህን አክብሮ ከጠየቀ ልጁ የወሰደውን ነገር ሁሉ በትክክል ይነግሩታል።

ከወላጅ ፈቃድ በተጨማሪ የልጁ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከአራቱ አንዱ ገደማ መናገር አይችልም፤ ግማሽ ያህሉ ግን የአእምሮ እድገት ውስንነት የለባቸውም። አለመናገር አለመረዳት አይደለም። ልጄ ነገር ሲያስጠላት ከንፈሯን ገጥማ ዓይኗን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ስትስማማ ደግሞ ወደ ላይ ታያለች። ይህን ለመርማሪዎቹ ነግሬያቸው በአንድ ቀጠሮ ፊቷን ስታዞር ሥራቸውን አቁመዋል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። እንዲህ ያለው ምልክት ለእያንዳንዱ ልጅ አስቀድሞ ተጠይቆ በቅጹ ላይ ቢሰፍር ወረቀት አይጠፋም። ሌላም አለ፤ ከእነዚህ ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ሕመም እንደሚሰማቸው ጥናቶች ያሳያሉ፤ ስለዚህ ምንም ዓይነት ጥናት ይሁን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያምሃል ወይ? የት ጋ?» መሆን አለበት።

የገንዘብ ነገር ሲነሳ ሰው ያፍራል፤ እኔ ግን አነሳዋለሁ። ዓመት በዓመት እየከበደ የሚሄድን ልጅ አዝሎ በድሬዳዋ ቀትር ባጃጅ መጠበቅ፣ ቀጠሮው ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከሆነም በደንገጎ ዳገት በሚኒባስ መውጣት፣ ልጁ በመታጠፊያው ሲያስመልሰው ልብስ መቀየር፣ ለልጁ መቀመጫ ተብሎ ሁለተኛ ሰው ሒሳብ መክፈል፣ በዚያ ቀን ጉልት ዘርግቶ የሚገኘውን ማጣት፤ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ተመራማሪው በበጀቱ የትራንስፖርትና የቀን ገቢ ማካካሻ ሊይዝልን ይገባል። መጠኑ ድሃዋን እናት ያለ ፍላጎቷ እንድትፈርም የሚያባብል እንዳይሆን የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይየው፤ ሁለት ሳሙና ሰጥቶ መሸኘትም ማካካሻ አይደለም። በተቃራኒው፣ ተሳታፊውን ገንዘብ የሚጠይቅ «ጥናት» ከመጣ ወላጆች ሊጠረጥሩ ይገባል። ውጭ አገር ወስደን በስቴም ሴል እናስኬዳለን እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ፤ ቤት የሸጠ ሰው አውቃለሁ። በትክክለኛ ጥናት ውስጥ ያልተረጋገጠን ነገር ለመሞከር ዋጋውን የሚሸፍነው አጥኚው ነው እንጂ የልጁ አባት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ልጄ የተሳተፈችበትን ጥናት ያካሄደውን ተቋም ስም አልጠራም፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። መርማሪዎቹ በጎ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸውን በጥንቃቄ ሠርተዋል። ሲሰናበቱን ግን «ውጤቱን እናሳውቃችኋለን» ብለው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውም አልተሰማም። የልጄ እግር ማዕዘን፣ የዳሌዋ ራጅ ንባብ፣ የአመጋገቧ መጠይቅ ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ በእኔ እጅ ግን አንዲት ወረቀት የለም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ያው ራጅ እንደገና እንዲነሳ ታዘዘ፤ ልጄም ሁለተኛ ጊዜ ጨረር ተቀበለች፤ እኔም ሁለተኛ ጊዜ ከፈልሁ። ወላጆች ቀጣዩን ተመራማሪ «ሊጽፉብን መጡ» ብለው የሚመልሱት በጭፍን ጥላቻ አይደለም፤ ያለፈው ስላልተመለሰ ነው። እያንዳንዱ ጥናት ሲጸድቅ የልጁ የራሱ የምርመራ ውጤት በጽሑፍ ለወላጁ እንደሚሰጥ፣ አስቸኳይ ነገር ከተገኘ ወደ ሕክምና እንደሚላክ፣ ጥናቱ ሲጠናቀቅም ወላጆች ተሰብስበው በየቋንቋቸው የተገኘው እንደሚነገራቸው ቃል የሚያስገባ አንቀጽ ይኑረው። «ምንም ለውጥ አላገኘንም» የሚል ውጤት ቢሆንም ይነገረን፤ ያ ማለት ነገ አንድ ወላጅ ለዚያ ነገር ገንዘቡን አያወጣም ማለት ነው። ይህ ቃል ሳይፈጸም ለቀረበት አጥኚ ቀጣዩ ጥናት እንዳይጸድቅለት የማድረግ ሥልጣን በሐረር ካምፓስ የሚገኘውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የመሳሰሉት አካላት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ስለ ፎቶግራፍም አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ልብሳቸውን አውልቀው የተቀረጹበት ቪዲዮ ለስልጠና ተብሎ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር፣ አልፎም በፌስቡክ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ሲለጠፍ አይተናል። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃም በሕጉ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ነው። ለምርመራ የተሰጠ ፈቃድ ለማስተማሪያ፣ ለማስተማሪያ የተሰጠውም ለማስታወቂያ አይሆንም፤ ሦስቱም በቅጹ ላይ ለየብቻ ይጠየቁ።

ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። ድል ጮራን፣ ሕይወት ፋናንና ሌሎቹንም ጨምሮ ልጆቻችንን የሚያክሙ ተቋማት በፊዚዮቴራፒ ክፍላቸው በር ላይ በወቅቱ እየተካሄደ ያለውን ጥናት ርዕስ፣ የኃላፊውን ስምና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ስልክ ይለጥፉልን። ጋዜጣችሁም ስለ ጤና ጥናት ሲዘግብ ጥናቱ ተጀመረ ብሎ ብቻ ሳያቆም፣ ከተጠናቀቀ በኋላ ተሳታፊዎቹ ምን እንደተነገራቸው ተመልሶ ይጠይቅልን። ለተመራማሪዎቹ ደግሞ የጥናት ጥያቄ ስታወጡ ከእኛም ሁለት ሦስት ሰው አስቀምጣችሁ ስሙ እላለሁ። እኛ ብንጠየቅ ኖሮ ልጁ ሲበላ እንዳያንቀው በምን አቀማመጥ ማብላት ይሻላል፣ ሌሊት ለምን አይተኛም፣ በድሬዳዋ ሙቀት በቀን ምን ያህል ውኃ ብንሰጠው ሆድ ድርቀቱ ይላላል፣ ከካርቶንና ከሙጫ በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራው መቀመጫ ከውጭ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር ጀርባውን እንዴት ይይዘዋል የሚሉትን እናስቀድም ነበር። ከእነዚህ አንዱን የሚያጠና ሰው ከመጣ እኔም ልጄም ፈቃደኞች ነን፤ ልጄ ፈቃዷን የምትሰጠው ወደ ላይ በማየት መሆኑን ግን ከወዲሁ ይመዝግብልን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት፣ ከድሬዳዋ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል)